ጠፍቷል ያሉኝ ኮምፒውተር

ስለዚህ ነገር አርባ ምንጭ ውስጥ ብዙ ተወርቷል። መጨረሻ የሰማሁት ወሬ እኔ የትምህርት ቤት መስኮት ሰብሬ ገብቼ ኮምፒውተር እንደሰረቅሁ የሚናገር ነው። መስኮት አልሰበርኩም፣ ምንም አልሰረቅሁም። በበሩ ነው የገባሁት፣ ያውም በቀን። የሰዎቹን የአባት ስም ትቼዋለሁ። ለእነሱ አስቤ አይደለም፣ ልጆቻቸው ምን አጠፉ ብዬ ነው። የቀረውን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ የሚከፋው ሰው ካለ ይክፋው።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። እኔ ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከልጄ ከሕይወት ጋር እኖራለሁ። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፤ እኔም እስከ ዛሬ አንድ ነጠላ ሠርቼ አላውቅም። ነገር ግን ልጅነቴን ያሳለፍኩት አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። እጄ ይፈትላል፣ ዓይኔ ጥለቱ ላይ ነው። የትኛውን ክር አንስቶ የትኛውን እንደሚዘል ሳላስበው ገባኝ። ለሴት ልጅ የማይጠቅም እውቀት ነው ይሉኝ ነበር።

ጠቀመኝ። የባህል ልብስ እያሠራ የሚሸጥ አንድ ፕሮጀክት ከተማችን ቢሮ ከፈተና ጥለት በካሬ ወረቀት ላይ የሚገለብጥለት ሰው ፈለገ። ዶርዜና ኦቾሎ እየወጣሁ፣ ያረጁ ሸማኔዎች የሚያውቁትን ጥለት ሳይሞቱ በፊት በወረቀት አሰፈርኩ። ኋላ ኮምፒውተር መጣ። መጀመሪያ ፈራሁት። ከዚያ ሥዕል መሣያውን አጉልተው ሲያሳዩኝ ሳቄ መጣ፤ ለካ እሱም የሚስለው እንደ ሸማኔ ነው፣ ቀርበው ሲያዩት ሁሉ ነገር ትንንሽ ካሬ ነው። ወረቀቱን ሁሉ ወደ ማሽኑ አስገባሁት።

ሰናይት ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያን ጊዜ ነው። የዲዛይን ባለሙያ ትባላለች። በዕድሜ ታናሼ ነች፤ ቢሮው ግን «እርስዎ» እንድላት ነገረኝ፣ እሷ እኔን «አንቺ» ትለኛለች። ያለው አንድ ኮምፒውተር ስለነበር ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሷ እንሠራበታለን። የመጀመሪያው የሽያጭ መጽሔት ታትሞ ሲመጣ የአባቴ ቀይና ጥቁር ጥለት ሽፋኑ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ «ዲዛይን፦ ሰናይት» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው ወይዘሪት ሰናይት?» አልኳት።

«የቡድን ሥራ ነው አማረች።»

ቡድኑ ስሙ ሰናይት ነው ማለት ነው። ዝም አልኩ፤ ደሞዝ የሚቀበል ሰው ዝም ማለት ይችላል።

ዝም ያላልኩት ሌላ ቀን ነው። ከሰዓት ዝናብ ይዞን ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጥጥ ከሚፈትሉልን ሴቶች የሕይወት ታሪካቸውን እየሰበሰበች ነበር። «ለራሳችን መረጃ ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለችኝ። እኔ ተናጋሪ ሴት አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ከአንቺ አንዲት ቃል እንኳን በልመና ነው የምትወጣው ይሉኛል። በዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነገርኳት። የሕይወት አባት ማን እንደሆነ፣ ልጄን እንዴት እንዳገኘኋት ነገርኳት። ይህን ልጄ ራሷ አታውቅም ነበር፤ «ስታድጊ እነግርሻለሁ» እያልኩ ነበር የማቆያት። ሰናይት ጻፈችው፣ ፎቶዬንም አነሳችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ለደንበኞች የሚበተን ወረቀት መጣ። የአንዲት ፈታይ ሴት ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ ረሃቧ፣ የባሏ ዱላ፣ ያልነበረም ነገር ተጨምሮበት ተጽፏል። ወረቀቱን ይዤ ሰናይት ዘንድ ገባሁ።

«የእኔስ?»

«ያንቺ ገና አልታተመም።»

«ያጥፉልኝ።»

«እሺ፣ ይጠፋል» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየንም። ሰናይት አዲስ አበባ ተመልሳ የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ የእኔን ካሬ ወረቀቶች «ለመዝገብ ቤት» ብላ ይዛቸው ሄደች። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ለምትማርበት ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተወሰነ። የማስረከቡን ሥራ ያስጨረሰችው ሰናይት ነች፤ የንብረት ክፍሉን አቶ ወጋሶን በስልክ ስታዝዘው አጠገቡ ቆሜ ነበር። የስልኩ ድምፅ ለእኔም ይሰማል። «ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስረክቡ» አለች። «እሺ ወይዘሪት» አለ። ካስረከበ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና «ጠፍቷል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጠፍቷል» አለኝ። ሰላም አግኝቼ ተኛሁ።

ነገሩ የመጣው አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሕይወት ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። የጫሞ ዓሣ ነበር የሠራሁላት፤ እሾሁን እየለቀምኩ አቀርብላታለሁ።

«እማዬ፣ ጥለትሽን አየሁት።»

«የት?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ። መምህር ደረጀ ዛሬ ከፈተልን። የአያቴን ጥለት፣ ያን ቀይና ጥቁሩን። የእናቴ ሥራ ነው ብል አንድም ልጅ አላመነኝም። ‹እናትሽ ኮምፒውተር ነች?› ብለው ሳቁብኝ።»

እጄ ላይ ያለው ዓሣ ከበደኝ። «ሌላስ ምን አያችሁ?»

«የሴቶች ፎቶ አለ፣ ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለው። ሳናነበው ደወል ተደወለ። መምህር ደረጀ ሰኞ በየተራ ታነባላችሁ አለን፣ ወላጆችም መጥተው ይሰማሉ። ንባባችሁ ይሻሻላል አለ።»

«አንዷንም አላያችሁም? ማን እንደሆነች?»

«አንዲት አሮጊት ብቻ። ምነው እማዬ? እሾህ ወጋሽ?»

«አዎ» አልኳት።

በልታ እንደወጣች ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ አቶ ወጋሶ ሄድኩ። የተዘጋውን ቢሮ እየጠበቀ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ የሰው መርፌ የማይወስድ።

«ሳሮ አማረች» አለኝ በጋሞኛ። እኔ ሰላምታውን እንኳን አልመለስኩም።

«አቶ ወጋሶ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል አላሉኝም?»

«ጠፍቷላ።»

«ዛሬ ጠዋት ሲሠራ ልጄ አይታዋለች።»

«እነሱ አብርተውት ነዋ። እኔ ስሰጥ ጠፍታ ነው የሰጠሁት። አጥፋ አለችኝ፣ አጠፋሁ። ያቺ ትንሿ መብራት ጭልም እስክትል ቆሜ አየሁ። ሶኬቷንም ነቀልኩ፣ ኋላ ሰው ነክቶ እንዳያበራት። ጨርቅም አለበስኩ።»

«ውስጡ ያለው ነው እኮ የሚጠፋው! ጽሑፉ፣ ፎቶው።»

«ውስጧን እኔ መቼ ከፈትኩ? ‹ወጋሶ እንዳትነካ› ተብዬ ስድስት ዓመት ኖሬ?»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ያሉት የፕሮጀክቱ ሰዎች «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነው» ብለው ሲስቁበት ሰምቻለሁ። ይህን ጉዳይ ዛሬ ልዝጋው። በአማርኛችን መብራትም ይጠፋል፣ ጽሑፍም ይጠፋል፣ መንገድ የሳተ ሰውም ይጠፋል። «ውስጡ ያለውን» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ሰናይት ምን ይጎድልባት ነበር? ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወጋሶ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። እኔ አማርኛ አፌን ከፈታሁበት ቋንቋ እኩል የምናገረው ሴትዮ ራሴ «ጠፍቷል» ሲለኝ አምኜ ተኝቼ የለም?

«የልጄን ጉድ ሊያነቡት ነው» አልኩትና ተነስቼ ሄድኩ። ከኋላዬ «ልደውልላት እንዴ?» ሲል ሰማሁት። «እንዳይደውሉ» አልኩ። ደወለላት።

ትምህርት ቤት ስደርስ መምህር ደረጀ ብቻውን ጠመኔ ይሰበስባል። የጎጃም ልጅ ነው፤ ከተመረቀ ገና መንፈቁ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ኮምፒውተር ትንሽ ስለተማረ ቁልፉ ለእሱ ተሰጥቶታል።

«የሕይወት እናት ነዎት? እንኳን መጡ እትዬ። ልጅዎ ጥለቱ የእናቴ ነው ስትል ነበር።»

«ነው። መምህር፣ የሴቶቹን ጽሑፍ እንዳታስነብባቸው።»

«ለምን እትዬ? ጥሩ አማርኛ ነው።»

ምክንያቴን መናገር አልፈለግሁም። እሱም አላጣደፈኝም።

«ከሴቶቹ አንዷ እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «ልጄ የማታውቀው ነገር አለበት። ሳልፈቅድ ነው እዚያ የቀረው።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «የእርስዎን አላየሁም» አለ። ፊቱን መረመርኩ። ግማሹን አመንኩት፤ ሰውን ሙሉ በሙሉ ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ማሽኑን ከፈተ። ሰናይት ከመሄዷ በፊት ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አጭቃ ስሙን በቁጥር ቀይራዋለች፤ የእኔ ጥለቶች የሰጠኋቸው ስም ጠፍቶ እንደ እስረኛ ቁጥር ብቻ ሆነዋል። ታሪኮቹም መካከላቸው ናቸው። የአማርኛው ፊደል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት እየተበላሸ ስላስቸገራት ገጾቹን እንደ ሥዕል አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። ስለዚህ የቱ ጥለት፣ የቱ ታሪክ እንደሆነ ሳይከፍቱ መለየት አይቻልም። አንዱን ለመክፈት ደግሞ ያ ማሽን እንደ አሮጌ በቅሎ ነው፤ ቆሞ ያስብበታል።

«ሁሉንም ጠርጌ ባጠፋው ይቀል ነበር» አለ ደረጀ። «ግን የማሽኑን ማስነሻ ፕሮግራም መልሼ የምጭንበት ዲስክ የለኝም። ሰኞ ለወላጆች ባዶ ሣጥን ነው የማሳየው። ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። ሌላ ቦታ አለዎት?»

«የለኝም። ወረቀቱ ተወስዷል። በፍሎፒ ገልብጥልኝ።»

«አርባ ምንጭን ብንዞር ሁለት ፍሎፒ አናገኝም። ያገኘነውም አንድ ጥለት ቢይዝ ነው።» ከዚያ ራሱን አከከ። «ሌላም ችግር አለ እትዬ። ፋይል ሲሰረዝ የሚሰረዘው ስሙ ነው። ነገሩ እዚያው ተኝቷል። ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ መልሶ የሚያወጣው ፕሮግራም አለ። እኔም አለኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ተማሪዎቹ ይኖራቸዋል።»

«እላዩ ላይ ይጻፍበታ።»

«አዎ፣ ዲስኩ ጢም እስኪል አንድ ነገር ደጋግመን ብንገለብጥበት ይሸፈናል። ምን እንገልብጥ?»

«ጥለቱን» አልኩት።

አየኝ፤ ሳቅ አለ። «ጥለቱን» አለ። ቅዳሜ ጠዋት እንድመጣ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ደረጀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ማሽኑን ለሌላ ሰው ጥሎ መውጣት አይፈቀድለትም። እኔ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ጥለት ሲሆን እፎይ እላለሁ፣ የሰው ፊት ብቅ ሲል ጽሑፉን ሳላይ ቶሎ እሰርዛለሁ። ግን ማየቴ አልቀረም። በየገበያው የማውቃቸው ሴቶች ናቸው። የእኔን ሳላገኝ ረፋዱ አለፈ፤ የቀረው ቁጥር ማለቂያ የለውም። በዚህ አካሄድ ለሰኞ እንደማንደርስ ሁለታችንም ገብቶናል።

በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። ሰናይት ናት። ጠዋት በአውሮፕላን ገብታለች፤ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከኋላዋ አቶ ወጋሶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ወደ እኔ ላለማየት ግቢውን ያያል።

«አማረች፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንቺ ያላጠፋሽውን አጠፋለሁ።»

አንቺ ስላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰምታዋለች፤ መነጽሯን አወለቀች። እኔን ትታ ለደረጀ ተናገረች። «መምህር፣ እኔ የፕሮጀክቱ ተወካይ ነኝ። በስህተት ነው ያልጠፋው። አሁን ሁሉም ተጠርጎ ፎርማት ይደረግልኝ።»

«ፎርማት ካደረግሁት የሚሠራ ኮምፒውተር የለንም።»

«ዲስኩን ከአዲስ አበባ እልክልሃለሁ።»

«መቼ?»

«እልካለሁ አልኩህ።» ወደ እኔ ዞረች፤ ድምጿን ለሰለስ አደረገች። «አማረች፣ እስቲ አስቢው። ሁሉም ይጥፋ። ያንቺም ይጠፋል። ሁለታችንም እንገላገላለን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ለጆሮዬ ጥሞኝ ነበር። ከምሽት በፊት ቤቴ ገብቼ ልጄን ሳልፈራ ማየት እችላለሁ። ከዚያ የበለጠ ምን ፈለግሁ? አፌን ከፍቼ እሺ ልላት ስል ማሽኑ ቀስ እያለ ይከፍት የነበረውን ቁጥር ጨረሰና ጥለቱ ወጣ። ኦቾሎ ያሉ፣ ዓይናቸው የጠፋ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው እየነኩ የነገሩኝ ጥለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሞቱ።

«ጥለቱስ?» አልኳት።

«እኔ ጋ ቅጂው አለ።»

«አንቺ ጋ አለ። እኛ ጋ አይኖርም።»

«አማረች፣ ውል አለብኝ። ገዢው ጥለቱ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ አስፈርሞኛል።»

«በአባቴ ጥለት ላይ ነው የፈረምሽው?»

ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩ። «እንግዲያው ስሚኝ። ወይ ታሪኮቹን ብቻ ለይተሽ ታወጪልኛለሽ፣ ቁጥሩን የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ወይ ደግሞ ሁሉም እንዳለ ይቆያል። ሰኞ ይነበብ፣ የእኔም ይነበብ። እነዚህ ሴቶች ግማሾቹ የዚህ ትምህርት ቤት ወላጆች ናቸው። ከየገጹ ሥር ስምሽ አለ። ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው።»

«አታደርጊውም» አለችኝ። «ልጅሽ አለችበት።»

አላደርገውም ነበር። ታውቀኛለች። ደረጀ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀርቷል።

በዚህን ጊዜ አቶ ወጋሶ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሪት» አለ፣ «ሚስቴም እዚያ ውስጥ ናት።»

ሰናይት ዞረች።

«ታሪክሽን ንገሪ ብለሽ ጠርተሻት ነበር። ያን ቀን ስትመለስ እራቷን አልበላችም። ምን እንደነገረችሽ አላውቅም። እኔም ማወቅ አልፈልግም፤ ለእኔ መናገር ብትፈልግ ቤታችን አንድ ነው።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «ያለ ቦታው ሳውቀው ግን እንዴት አድርጌ አያታለሁ?»

ሰናይት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ተነሺልኝ» አለችኝ። ተነሳሁ፤ ተቀመጠች። አንዱንም አልከፈተችም። ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች «ከዚህ እስከዚህ፣ እነዚህ፣ ይሄም» እያለች ትሰርዛለች። የእኔን ቀን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ አቶ ወጋሶ አንድ ሙዝ ልጦ እስኪበላ ጨረሰችው። አንድ ቁጥር ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች።

«ይሄ ያንቺ ነው። ራስሽ ሰርዢው።»

ጎንበስ ብዬ ተጫንኩት። ምንም ድምፅ አላሰማም።

ከዚያ የመሸፈኑ ሥራ ተጀመረ። ደረጀ ጥለቶቹን ሰብስቦ መገልበጥ ጀመረ፤ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት። ስክሪኑ ላይ ወረቀት ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው እየበረረ ሲገባ ይታያል። አራታችን እንደ ልቅሶ ቤት ተደርድረን የወረቀቱን በረራ እናያለን። ግማሽ መንገድ ሳይሄድ መብራት ሄደ። አቶ ወጋሶ ወዲያው «እኔ አላጠፋሁም» አለ። ደረጀ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ሰናይትም አፏን ያዘች። እኔ አልሳቅሁም፤ ማሽኑ ዳግመኛ ባይነሳስ እያልኩ ነበር።

መብራቱን ጠበቅነው። በዚያ መካከል ሰናይት ለመሄድ ተነሳች። በሩ ላይ ቆመችና «ጥለቱ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም፤ የጻፉት ማተሚያ ቤቶቹ ናቸው» አለችኝ።

«አንቺም አላረምሽም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ ብዙ አጉረመረመና ተነሳ። ደረጀ ካቆመበት ቀጠለ። ፀሐዩ ወደ ተራራው ሲያዘነብል ቦታ ሞላ የሚል ጽሑፍ ወጣ። የተሰረዘ የሚያወጣውን ፕሮግራሙን አስነሳና ፈለገ። የሴቶቹ ሁሉ፣ የእኔም፣ ያልነበሩ ያህል ሆነዋል። ትርፍ ቅጂዎቹን ሰርዞ አንዱን የጥለት ስብስብ ብቻ አስቀረ። «ስም ይስጧቸው» አለኝ። ተቀምጬ ለእያንዳንዱ ጥለት የነገረኝን ሸማኔ ስም ጻፍኩበት። የአባቴን በመጨረሻ ጻፍኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሕይወት ጠየቀችኝ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ምን ስታጠፊ ነበር?»

ስታድጊ ልላት ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ቁመቷ ከትከሻዬ አልፏል። በዓባያ ሐይቅ በኩል ካለ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥንና ነገርኳት፤ ያልነበረ ሳልጨምር፣ የነበረውንም ሳልቀንስ። ስጨርስ መሬቱን በእንጨት ጫረች።

«ለሰናይት ከእኔ በፊት ነገርሻት?» አለችኝ። ከነገርኳት ሁሉ የጎዳት ይህ ነበር።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስለማልወዳት ይሆናል። አንቺ ብትከፊብኝ የት እገባለሁ? እሷ ብትከፋብኝ ምን ቸገረኝ።»

ተነስታ አቧራዬን አራገፈችልኝ። «ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «ልጆቹ እንዲያምኑኝ።»

ሄድኩ። ከፊት ተቀመጥኩ። ልጄ የአያቷን ጥለት ከፍታ፣ ስሙን ጮክ ብላ አነበበች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሰኞ በኋላ ሕይወቴ በአንድ ጀንበር ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ትምህርት ቤቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥለት በኮምፒውተር እንዳስተምር ፈቀደልኝ። ሸማኔ አባት ያላቸው ሴት ልጆች ተሰበሰቡ፤ እንደ እኔ ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው በዓይናቸው ብቻ የተማሩ። ዛሬ ሴቻ ሰፈር ያለችው ሥራ ቤታችን የበቀለችው ከዚያች ክፍል ነው፤ የዲዛይኑን ሥራ የምትመራው ሕይወት ናት። ያረጀ ማሽን አንጥልም፤ ለሚማር እንሰጣለን። ከመስጠታችን በፊት ግን የደንበኛውን ሥራ፣ የሠራተኛውን ፎቶ አውጥተን፣ ጢም እስኪል ጥለት እንሞላበታለን። ትዕዛዙንም በአንድ ቃል አንናገርም። «ይዘጋ» እና «ይሰረዝ» እንላለን፤ «ይጥፋ» የሚል ሰው ይቀጣል፣ ቅጣቱም ለሁሉም ሻይ መግዛት ነው።

እናንተም የምትሰጡት አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ ስጡ፤ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ከሚበላው አንድ ልጅ ይጻፍበት። ብቻ ውስጡ የማን ምን እንዳለ አስቡ። የሰው ታሪክ የፕሮጀክት ንብረት ሆኖ በዕቃ ማስረከቢያ አይተላለፍም።

ስለ ሰናይት ብዙ ክፉ ጽፌያለሁ፤ የተጻፈው ሁሉ እውነት ስለሆነ አልመልሰውም። የአባቴን ጥለት እስከ ዛሬ በስሟ ትሸጣለች። ይሁንና አንድ ነገር ለመመስከር እገደዳለሁ። ታሪኬን ከእኔና ከልጄ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ያን ያህል ተጣልተን፣ ያን ያህል ዓመት አልፎ፣ ከአንድም ሰው አፍ ተመልሶ አልሰማሁትም።